በአንድ ዓይን የተሣለው ሊቀመንበር

መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች። ቀለበቷን ታወልቅና በሻይ ስኒ ውስጥ ታስቀምጣለች። ክሬም በእጇ ላይ ካለ ሥራ የለም፤ ቅባት የነካው አሮጌ ወረቀት ከስድስት ወር በኋላ ቢጫ የጣት ዐሻራ ያወጣል። ከዚያ ነጭ መምጠጫ ወረቀት ታነጥፍና ሥዕሉን በላዩ ታስተኛዋለች። በሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር አቧራውን ትጠርጋለች። ከዳር ወደ መሃል በጭራሽ አይሞከርም፣ የዳሩን እድፍ ሥዕሉ ላይ ማምጣት ነው። ቀጥላ የላጲስ ፍርፋሪ ትበትናለች፤ በጣቶቿ ጫፍ፣ ሳትጫን፣ ክብ ክብ እያደረገች ታሻዋለች። ፍርፋሪው ሲጠቁር ትጠርገውና አዲስ ትበትናለች። ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴ አራት ጊዜ።

ወረቀቱ ከታች በኩል አራት ጣት ያህል ተቀዷል። ለዚህ ከጃፓን የሚመጣ ስስ ወረቀት አለ። በመቀስ አትቆርጠውም። በእርጥብ ብሩሽ ታሰምርበትና በእጇ ትገነጥለዋለች፤ የተገነጠለ ጠርዝ ቃጫው ስለሚበተን ከአሮጌው ወረቀት ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ግን ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ከስንዴ ስታርች የተሠራ ቀጭን ማጣበቂያ ትቀባና ከጀርባው ትለጥፈዋለች። በላዩ መምጠጫ ወረቀት፣ በዚያ ላይ መስታወት፣ በመስታወቱ ላይ ከባድ ብረት። ሃያ ደቂቃ አትነካውም።

ሰዓቱ ሲሞላ ብረቱን አንስታ ሥዕሉን ትገለብጠዋለች። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ የታተመ ነው። አንድ ወፍራም ሚኒስትር ሕዝቡ የጻፈለትን የአቤቱታ ክምር እንደ ፍራሽ አንጥፎ ለሽ ብሎ ተኝቷል።

«አቤት እንቅልፍ!» ትላለች ውብአለም። «ሠዓሊው ግን አልተኛም።»

ውብአለም አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምትሠራው ደግሞ ብሉር መንገድ ላይ፣ አሮጌ ካርታና የድሮ ኅትመት የሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ ጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሚስተር ሆርቫት ይባላል፤ በፈረንጆች 1956 ከሃንጋሪ የተሰደደ ሽማግሌ ነው። እዚያ ቤት የገባችው ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን ወለሉን እየጠረገች፣ የተቀደደ ሥዕል በስኮች ቴፕ ተለጥፎ አየችና ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም።

«ይሄ ቴፕ ወረቀቱን ይበላዋል» አለችው በዚያን ጊዜው እንግሊዝኛዋ።

«አንቺ እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ሳለች በአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የኅትመት ፊልም ማረም ነበር። በሚያበራ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሦስት ዘለላ ፀጉር ባላት ብሩሽ፣ ኔጋቲቩ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ትደፍናለች። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከነጠብጣብ ሌላ የምትደፍነው ነገር መጣ። ትናንት በሰልፉ ፊት የቆመ ሰው ዛሬ ከታሰረ፣ ፎቶው ወደ እሷ ጠረጴዛ ይመለሳል። «ይሄ ይውጣ» ይሏታል። ታወጣዋለች። ከጀርባው የነበረውን ዛፍ ወይም ግድግዳ ትሞላበታለች። በሱዳን በኩል ከወጣች በኋላም ስንት ሰው እንዳወጣች አልረሳችም፤ ቁጥሩን ግን ለማንም አትናገርም።

ሚስተር ሆርቫት ከመጥረጊያ ወደ ብሩሽ አዛወራት። ሥራው ቋንቋ አይፈልግም፣ ትዕግሥትና ዓይን ነው የሚፈልገው። ከሥራው ጋር ደግሞ ታሪኩ መጣ። እየጠገነች ትጠይቃለች፤ እሱም ፒፓውን እያጨሰ ይነግራታል። ያኔ በፈረንሳይ አገር ጽሑፍ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ በሚወጣበት ዘመን እንኳ ሥዕል ግን ሳንሱር ሳያየው አይታተምም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጋዜጣ የሚያነብ የተማረ ነው፣ ሥዕልን ግን ተሸካሚውም አትክልት ሻጯም ያነቡታል። ለንደን ውስጥ የስላቅ ሥዕል ሻጮች አዲሱን ኅትመት በሱቃቸው መስኮት ላይ ይለጥፉ ነበር፤ መግዛት ያልቻለ ውጭ ቆሞ በነፃ ይስቃል። ቀለሙን የሚቀቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረው አንዷ ቀዩን ብቻ፣ ሌላዋ ሰማያዊውን ብቻ። ሥዕሉ ያበሸቀው ባለሥልጣን ደግሞ አንዳንዴ ሰው ልኮ ቅጂውን ሁሉ ያስገዛል። እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥም ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ፖለቲከኞችን በየሳምንቱ በሥዕል የሚያብጠለጥል መጽሔት ነበር፤ ከነቅባቱ፣ ከነብል ቀዳዳው እሷ እጅ ላይ ይደርሳል።

«እኛ አገር ያለው ስላቅ በአፍ ነው» ትላለች። «በአፍ የተባለውን ደግሞ ማን እንዳለው አይታወቅም። እነዚህ ግን ስማቸውን ከሥር ጽፈው ነው የሚሳለቁት። ይሄ ነው የገረመኝ።»

አሁን ወደ ጉዳዩ። እዚህ ቶሮንቶ ያለነው ኢትዮጵያውያን የአዲስ ቀን መረዳጃ ማኅበር የሚባል አለን። ሐዘን ሲደርስ ይሰበሰባል፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ክፍል ይፈልጋል፣ ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥራል። ጥሩ ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ሽፈራው ይባላሉ። ደንቡ በየሁለት ዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ምርጫ ይደረግ ይላል። የመጨረሻው ጉባኤ የተጠራው በፈረንጆች 1992 ነበር፤ ይሄ የምነግራችሁ በ1996 ማርች ላይ የሆነው ነው። አቶ ሽፈራው አንዴ አዳራሽ አልተገኘም ይላሉ፣ አንዴ በረዶ ነው፣ አንዴ ጾም ነው። ማንም ፊት ለፊት አልጠየቃቸውም። ውብአለም ጠየቀች፤ ከአንድ ለቅሶ ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ስብሰባው መቼ ነው?»

እሳቸው የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ ወደ መኪናቸው እያዩ፣ «ጊዜው ሲደርስ እንጠራችኋለን፤ አንቺ ሥዕልሽን ጠግኚ» አሏት። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ።

በበነጋው ሚስተር ሆርቫትን የጓሮውን ድንጋይ ለመነችው። የድሮ የሥዕል ማተሚያ ድንጋይ ነው፤ ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቅባትና ውሃ አይዋደዱም፣ በቃ። በቅባት እርሳስ ድንጋዩ ላይ ትሥላለህ። የግራር ሙጫና ጥቂት አሲድ ትቀባዋለህ። ከዚያ በውሃ ታርሰዋለህ፤ ቀለም የያዘውን ሮለር ስታስኬድበት ውሃ የያዘው ቦታ ቀለሙን ይገፋል፣ ቅባት የነካው ይቀበላል። ወረቀት ታለብሳለህ፣ ትጫናለህ። የሙጫው ከረጢት ላይ የሱዳን ምርት ተብሎ ተጽፏል። «አብረን ነው የተሰደድነው» ትላለች።

አንድ ችግር አለው፤ ድንጋዩ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚሣለው። ፊደሉም ጭምር። ለሌላ ሰው ፈተና ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ለኖረች ግን አማርኛን ከግራም ከቀኝም መጻፍ ያው ነው።

ሥዕሉ ይሄ ነው። አቶ ሽፈራው፣ በካፖርትና በቀይ ከረባት፣ የማኅበሩን ባለ መደገፊያ ወንበር በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ሰብዌይ ባቡር ውስጥ ይገባሉ። የወንበሩ እግሮች የሌላውን ተሳፋሪ ኮፍያ ያወልቃሉ። አንድ ጎረምሳ ከመቀመጫው ብድግ ብሎላቸዋል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

«ተባረክ ልጄ፣ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው።»

ጥግ ላይ ደግሞ ሙሉ ስሟ።

አርባ ቅጂ አተመች። ከረባቱን አንድ በአንድ በእጇ ቀይ ቀባች። ሠላሳ ዘጠኙን ለፈለገ ሰው ሰጠች፤ አንዱን ብሉር ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ጓደኛዋ ትርፌ በሱቋ መስኮት ላይ ለጠፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት የትርፌ መስኮት ፊት ሰው ተሰበሰበ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይስቃል፤ የሳቀውም አልፎ ከመሄድ ይልቅ ሌላው ሲስቅ ለማየት ይቆማል።

«እሳቸው ናቸው እኮ! ቂጣቸውን ጨምሮ!»

«ገመዱን ማን አሰረላቸው?»

«ጸሐፊው ነዋ፣ ሌላ ምን ሥራ አለው!»

ይሄ ሁሉ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ነው። በአምስት ሰዓት እማማ አዲስአለም ሽሮ ሊገዙ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ መስታወቱ ተጠጉ፣ አማተቡ።

«በስመ አብ! በአንድ ዓይን ነው የሣለችው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሁሉም ተመልሶ አየ። እውነትም አቶ ሽፈራው በጎን ናቸው፤ አንድ አፍንጫ፣ ግማሽ አፍ፣ አንድ ዓይን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጻድቁ፣ ሰማዕቱ፣ መልአኩ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያይሃል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን የሚሰጠው፣ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፉት ናቸው፤ ሰይጣን ራሱ ነው። የተማረውም ያልተማረውም ከልጅነቱ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ሲያየው ያደገው ነገር ነው።

ትርፌ ለውብአለም ኮል አደረገች።

«ስሚ አንቺ፣ ሰውዬውን ሰይጣን አድርገሽዋል ይላሉ።»

«ምን አድርጌ?»

«አንድ ዓይን ብቻ ነው የሰጠሽው።»

ውብአለም ይሄን አላሰበችውም። ስድስት ዓመት ሙሉ የምትጠግነው የፈረንጅ ሥዕል ሁሉ በጎን ነው፤ ፈረንጅ አፍንጫና አገጭ ማጋነን ሲፈልግ ሰውን ያዞረዋል፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እጇ ያንን ለምዶ ነው የሣለው። ያየው ሰው ግን ፈረንጅ አልነበረም።

«ላውርደው?» አለች ትርፌ።

«መስኮቱ ያንቺ ነው። እኔ ግን አውርጂ አልልሽም።»

ትርፌ አላወረደችም። ማኅበሩ ለድግሱም ለተዝካሩም እንጀራ የሚያዘው ከእሷ ነው፤ ሰኞ አንድ የኮሚቴ ሰው መጥቶ ይሄንኑ አስታወሳት። «እንጀራዬን የሚበላ እኔን አይቶ ነው እንጂ መስኮቴን አይቶ አይደለም» ብላ ሸኘችው።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ሊፍቱ ያን ቀን አይሠራም ነበር፤ በደረጃ ነው የመጡት። መሪያቸው ጋሽ ተሻገር ነበሩ፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አልተናገሩም። ውብአለም ውሃ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሲያበቁ ከኪሳቸው በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አወጡ።

«ልጄ፣ እርቅ ነው የያዝነው። ይቺን ብቻ ፈርሚ።»

ወረቀቱ አጭር ነበር። ሥዕሉን የሣልኩት በስህተት ነው፣ ሊቀመንበራችንን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የቀሩትን ቅጂዎች ሰብስቤ አስረክባለሁ ይላል። ውብአለም ሁለት ጊዜ አነበበችው። አስቸጋሪው ነገር፣ ግማሹ እውነት ነበር። ስህተት ነው። ከፈረመች ግን ስህተቱ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ወንበሩንም፣ አራቱን ዓመትም ይዞ ይሄዳል። ስብሰባ የሚጠይቅ ሰውም ከዚያ በኋላ አይኖርም።

«ጋሽ ተሻገር፣ ሥዕሉን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሳቁ?»

ሽማግሌው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ። «መጀመሪያ ላይ... አዎ፣ ሳቅሁ። ኋላ ግን ዓይኑን አየሁና ደነገጥኩ።»

«ጋሽ ሽፈራው ራሳቸውስ ለምን አልመጡም?»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ሲያይ ውብአለም ተከትላ ተነሥታ አየች። ታች ፓርኪንጉ ላይ የአቶ ሽፈራው መኪና ሞተሩ እንደተነሣ ቆሟል፤ ጭሱ ይታያል።

«ታች ናቸው? እናንተን በደረጃ ልከው?»

«ያው... ጉልበታቸውን ያማቸዋል» አሉ ጋሽ ተሻገር፣ የራሳቸውን ጉልበት እያሹ።

ውብአለም ሳቀች፤ ሽማግሌዎቹም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ጋሽ ተሻገር ፊታቸውን አጠነከሩ።

«ልጄ፣ ቀልዱን እንተወው። በክርስቲያን ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም። እሺ፣ መፈረሙ ይቅር። ሁለተኛ ዓይን ጨምሪለትና እንታረቅ። ይሄ ምን ይከብዳል?»

«አይከብድም፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ታዲያ!»

«ጋሽ ተሻገር፣ እኔ እኮ አዲስ አበባ የሚታየውን እያወጣሁ፣ የማይታየውን እያስገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ይውጣ ሲሉኝ አወጣለሁ። ይግባ ሲሉኝ አስገባለሁ። እዚህ የመጣሁት ያንን ልቀጥል አይደለም። የዓይኑ ነገር ሳላስብ የሆነ ነው፣ እናንተን ስላስደነገጥኩ ይቅርታ። ግን የታየኝን ነው የሣልኩት። አራት ዓመት ሙሉ ሰውዬው ለእኛ በጎን ነው የሚታዩት፤ ስንጠይቃቸው ወደ መኪናቸው ያያሉ። አሁንም መኪናቸው ውስጥ ናቸው። ስብሰባ ይጥሩ። መድረኩ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ እኛ ያዙሩ። እኔ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ዓይናቸውን እሥላለሁ፤ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር። ደግሞ እንዲያምሩ አድርጌ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ተሻገር ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ሲሉ ውብአለም እጇን ዘረጋች። እስክሪብቶ አንስታ በጀርባው ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ከሥሩ ፈረመች። «ለእሳቸውም ለሁሉም ያንብቡላቸው» ብላ ሰጠቻቸው። እንዲህ ይል ነበር፤ «የዓይኑ ነገር ስህተቴ ነው፣ ያስደነገጥኳችሁን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወንበሩ ግን ስህተት አይደለም።»

ጋሽ ተሻገር አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «አባትሽ ማን ነበሩ?» አሏት። ነገረቻቸው። «ያስታውቃል» አሉና በደረጃው ወረዱ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ማክሰኞ ዕለት የዚያ ጽሑፍ ግልባጭ ትርፌ መስኮት ላይ ከሥዕሉ ጎን ተለጠፈ። ውብአለም አልለጠፈችውም፤ ትርፌም ማን እንዳመጣላት አትናገርም። ሰዉ ሽሮ ሊገዛ ይመጣና ሁለቱን አንብቦ ይሄዳል። እማማ አዲስአለም እንኳ ተመልሰው መጥተው፣ «ዓይኑን ይቅርታ ጠይቃለች፤ እንግዲህ የቀረው ወንበሩ ነው» ብለው ፈረዱ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ አንድ ጥሩ የለበሰ የአገራችን ሰው ሚስተር ሆርቫት ሱቅ መጣ። ድንጋዩን ልግዛ አለ። የትኛውን ድንጋይ? ሥዕሉ የተሣለበትን። ሚስተር ሆርቫት ፒፓውን ከአፉ አወጣ፤ በመጽሐፍ ያነበበው የቅጂ አስገዢዎቹ ታሪክ በሩን ከፍቶ የገባ መሰለው። ውብአለምን ጠራት።

«ይሄ ጌታ ድንጋዩን ይፈልጋል።»

«ተፍቋል» አለችው ሰውዬውን በአማርኛ። «በአሸዋ አሽቼ አጥቤዋለሁ። ድንጋይ ካልተፋቀ ሌላ ሥዕል አይቀበልም።»

«ሌላ ሥዕል?» አለ ሰውዬው።

«እንደሁኔታው።»

እንግዲህ ሥዕሉ ድንጋዩ ላይ የለም፤ ዳግመኛ አይታተምም። ያሉት እነዚያ አርባ ቅጂዎች ብቻ ናቸው። ይሄ ሲታወቅ ለቅጂው ስልክ ይደወል ጀመር። ሴንት ጄምስ ታውንም ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈርም፣ ከኮሚቴው ሰው ኮል ያልተደረገለት ቤት የለም። «ለሰላም ሲባል መልሱ» ይላሉ። አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱ ይሉኝታ ይዞት ይመልሳል። እስካሁን አሥራ ሰባት ተመልሷል። የትርፌን መስኮት ሥዕልም አንድ ጠዋት ሰው አውልቆ ሄዷል፤ ትርፌ ከቤቷ ያለውን የራሷን ቅጂ አምጥታ በዚያው ቦታ፣ በአራት ጥግ ፈንታ በስምንት ቦታ ለጠፈችው።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ወጥቷል። ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል፤ እሑድ ጁን 9 ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ማኅበሩ በተከራየው አዳራሽ። ቀኑ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ሦስተኛ አይቀየርም ብሎ የሚምል የለም። አቶ ሽፈራው ስብሰባው ከሥዕሉ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ድሮም ታቅዶ ነበር ይላሉ። ይሁን።

ያንን ማስታወቂያ ሳነብላት ውብአለም በብሩሽ ጀርባ አንድ ወረቀት እያለሰለሰች ነበር፤ ሥራዋን ሳታቆም ይሄን ለሚያነብ ሁሉ ንገርልኝ ያለችው ይሄ ነው።

«ቅጂው ያላችሁ ሰዎች አትመልሱ። በደግነት ቢጠይቋችሁም፣ በሽማግሌ ቢጠይቋችሁም አትመልሱ። ከፈራችሁ ፍራሽ ሥር ክተቱት፣ ግን ጠፍጣፋ ይሁን፣ አትጠፉት፤ የታጠፈ ወረቀት በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል። ጁን 9 ደግሞ ይዛችሁት ኑ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰውዬው መድረክ ላይ ሲወጡ በደረታችሁ ልክ ከፍ አድርጋችሁ ያዙትና ዓይን ዓይናቸውን እዩ።»